ወንፊቷን ለመፍታት ማን ይጠራ?

ሽሮ ሜዳ ላይ «ውሃ መጣ» ማለትና «ውሃ አለ» ማለት ለየቅል ናቸው። ውሃ መጣ ማለት ቧንቧው ድምፅ ሰጠ ማለት ነው፤ ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አየሩን ተፍቶ፣ ትንሽ ዝገት ቢጤ አስቀድሞ፣ ከዚያ ቀጭን ክር ለቀቀ ማለት ነው። ሰፈሩ የሸማኔ ሰፈር አይደል? ቧንቧውም ፈትል ይፈትላል። ልዩነቱ የሸማኔው ፈትል ውሎ አድሮ ጋቢ ይወጣዋል፤ የቧንቧው ፈትል ግን አንድ ባልዲ ሳይሞላ ይመሻል።

እንግዲህ በዚህች ቀጭን ክር ፊት የተማረውን ጎረቤታችንን ሁለት ዓይነት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ቧንቧውን ከሩቅ አይቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ኧረ አንድ ሳኒተሪ ፈልጉልኝ» ይላል። የቧንቧዋን አፍ እንኳ ጎንበስ ብሎ አላያትም። ሁለተኛው ደግሞ ፓምፕ ገዝቶ ይመጣና ከመንገድ በሚገባው መስመር ላይ ይሰካዋል። ድሮ የሱ ቤት ብቻ ነበር የሚቸገረው፤ አሁን ጎረቤቱ በሙሉ ይቸገራል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ። የመጀመሪያው ጠብ ስለ ክብር ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሌብነት።

ከጠቡ በፊት ግን ነገሩን እንወቀው። ሳያውቁ መጣላት የእኛ ሀገር የጋዜጣ ልማድ ነው፤ ይቅርብን።

ውሃ የሚገፋው በከፍታ ነው። ከቧንቧችሁ 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ቧንቧው ላይ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፤ 3 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ወደ 0.3 ባር። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ይህን ከእኛ ቀድመው የተረዱት ምኒልክ ናቸው። በ1880ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ አውርዶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲያወጣው ከተማው ጉድ አለ። ውሃ ሽቅብ ወጣ ተብሎ ተገጠመ፣ ተዘፈነ። ጉዱ ግን ጉድ አልነበረም። ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ነበር፤ ወርዶ የወጣው ውሃ የወጣው ከወረደበት በታች ነው።

እንግዲህ አስቡት። የከተማዋ የመጀመሪያ የቧንቧ ውሃ የወረደው ከእኛው ተራራ ነው። ዛሬ ደግሞ የተራራው ግርጌ ውሃ ይለምናል። ምክንያቱ ያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ አቃቂ በኩል ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትጀምርና እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር አልፋ ትሄዳለች። ሽሮ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ድሬ ግድብና የአቃቂ ጉድጓዶች ተጨመሩ፤ ከተማው ግን ከሁሉም ፈጥኖ አደገ። የአቃቂን ውሃ ሽሮ ሜዳ ላድርስ ያለ ሰው 400 ሜትር ያህል ሽቅብ መግፋት አለበት። መብራት ሲጠፋ መግፊያው ይቆማል፤ መግፊያው ሲቆም መጀመሪያ የሚደርቀው ከፍታው ላይ ያለው ሰፈር ነው። በፈረቃ ሲሰጥም እንዲሁ፤ ቧንቧው መጀመሪያ ቆላውን ይሞላል፣ ከዚያ ደጋውን። ሽሮ ሜዳ ለሸማ ገዥ መሀል ከተማ ነው፤ ለውሃ ግን ዳር አገር ነው።

ስለዚህ ውሃው ሲቀጥን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማንን ልጥራ?» ሳይሆን «የቀጠነው የማን ነው?» የሚል ነው። ወጣ ብሎ «እትዬ፣ እናንተስ ጋ እንዴት ነው?» ማለት ያስፈልጋል። ይህ ምክር ገንዘብ አያስወጣም፣ መፍቻም አይፈልግም። የእነሱም ከቀጠነ ነገሩ የመንገዱ ነው፤ ሳኒተሪ ብትጠሩ ግድግዳችሁን ከማስደብደብ በቀር ትርፍ የለውም። የእነሱ ደህና ሆኖ የእናንተ ብቻ ከቀጠነ ነገሩ የቤታችሁ ነው። ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ግቡ፤ ሁሉም ቧንቧ ቀጥኗል ወይስ አንዱ ብቻ? አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ከአሥር ጊዜ ብዙውን ጊዜ በደሉ ከአፉ ላይ ያለችው ወንፊት ናት።

ይህቺን ወንፊት ልብ በሉልኝ። የቧንቧው አፍ ላይ በጥርስ የታሰረች፣ ከቆርኪ ብዙም የማትበልጥ ማጣሪያ ናት። ውሃ ሄዶ በመጣ ቁጥር ከመስመሩ ግድግዳ የተላቀቀው ዝገትና አሸዋ እሷ ላይ ይከማቻል። በእጅ ትፈታለች፤ እምቢ ካለች ጨርቅ ጠቅልሎ በፒንሳ። አሸዋውን አራግፎ፣ የነጣ ደለል የያዛት ከሆነ አቼቶ ውስጥ አሳድሮ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ መመለስ ነው። የሻወሩም ራስ እንደዚሁ። ይህ ሁሉ ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ወንፊቷ ንጹሕ ከሆነች ደግሞ መዝጊያዎቹን እዩ። ግቢው በር አጠገብ፣ ከቆጣሪው ወዲህ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያሉት በሙሉ እስከ መጨረሻው ተከፍተዋል? ባለፈው ወር የጥገና ሰው የዘጋውን በግማሽ ከፍቶት የሄደ ቤት ስንት ነው! ሮቶ ካላችሁ ደግሞ ከፍታውን እዩ። ከሻወራችሁ ራስ 1 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ 0.1 ባር ነው የሚሰጣችሁ፤ ከዚያ ኃይለኛ ሻወር መጠበቅ ከድመት ጥጃ መጠበቅ ነው። ቆጣሪውን ግን አትንኩ፤ ማኅተሙ የእናንተ አይደለም።

ከዚያ ለኩ። የ20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አድርጋችሁ ሰዓት ያዙ። በ2 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር አላችሁ፤ ደግ ነው። 10 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 2 ሊትር ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህ ወረቀት በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ሁለት ዲግሪ አለው እንበል። ቤቱ ውስጥ ውሃ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ የማታውቁት ከሆነ እሱን አትጠይቁት፤ አያውቅም። የምታውቀው ሠራተኛዋ ናት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተነስታ፣ ጀሪካን ደርድራ፣ ቀጭኗን ክር ስትጠብቅ የምታነጋው እሷ ናት። ወንፊቷ የተዘጋች ከሆነ ደግሞ በአንድ ሰዓት የሚሞላው በሦስት ሰዓት ይሞላል፤ ሁለቱ ሰዓት የተቀነሰው ከእሷ እንቅልፍ ነው። ባለዲግሪው ጠዋት ተነስቶ ሞልቶ በጠበቀው ባልዲ ፊቱን ይታጠብና «ዘንድሮስ ውሃው ደህና ነው» ይላል። ለእሱ ደህና ነው! በሰው ጉልበት የተሸፈነ ብልሽት ብልሽት መስሎ አይታይማ።

ለምንድነው ጎንበስ ብሎ የማያያት? ጊዜ አጥቶ ነው እንዳትሉኝ፤ ሳኒተሪው እስኪገኝ ሦስት ቀን ስልክ ሲደውል ከርሟል። መሣሪያ አጥቶም አይደለም። እጅ መቆሸሽ ማዕረግ ያወርዳል ብሎ ነው። ይህ በሽታ አሮጌ ነው፤ ከቧንቧም፣ ከዲግሪም በፊት የነበረ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲተው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ንጉሠ ነገሥት አዋጅ የሚያስነግረው ነገሩ ሲብስበት ነው። ከአዋጁ ወዲህ ከ115 ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ቀነሰ፤ ንቀቱ ግን ልብስ ለውጦ ከረመ።

ቋንቋችንን እዩት፤ ቋንቋ አይዋሽም። የድሮው ሰው አንጥረኛውንና ቀጥቃጩን «ባለ እጅ» ይለው ነበር። በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ከዚህ ቃል በላይ ያስደነቀኝ ጥቂት ነው። ቃሉን በጥሬው ውሰዱት እስቲ፤ እጅ ያለው ሰው ማለት እኮ ነው! ይህ እንግዲህ ማሳነሻ ነበር። እጅ ያለው ሰው ዝቅ ካለ፣ ከፍ ያለው ሰው ምን የሌለው ሊሆን ነው? ያን ስም ራሳችን ለራሳችን አወጣነው ማለት ነው፤ እጅ የለሽ።

ሽሮ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይህን መናቅ ደግሞ ልዩ ድፍረት ይጠይቃል። ሰፈሩ በስሙ የሚታወቀው በእጅ ሥራ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ድሩን አድርተው፣ ማጉን እየወረወሩ ይህን ሰፈር ለዓለም ያስተዋወቁ ሰዎች ሰፈር ነው። በጥምቀትና በፋሲካ ዋዜማ አገሩ በሙሉ ሽቅብ ወጥቶ ጥለት የሚመርጥበት ሰፈር ነው። ሸማኔው መወርወሪያው ቢሰነጠቅበት መሐንዲስ ይጠራል? ራሱ ይጠግነዋል። ክሩ ቢበጠስበት ተንፍሶ ይቀጥለዋል። የሠራውን ሸማ ግን ለብሶ ባለ ሁለት ዲግሪው ሰርግ ላይ ይታያል፤ «ጥበቡ እንዴት ያምራል!» ይባልለታል። ጥበቡ ትከሻው ላይ ነው እንጂ እጁ ላይ አልደረሰም።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካለፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ውስጥ የተከራከረበት ነገር ይኸው ነበር። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ያለው በጥቂት ቀን የሠራውን ለማግኘት የብዙ ቀን ድካሙን ይከፍላል። እሱ የተናገረው ስለ አገርና አገር ንግድ ነው፤ ነገሩ ግን ቤትና ቤትም ውስጥ ይሠራል። የአምስት ደቂቃዋን ዕውቀት ያጣ ቤት የሦስት ቀን ጥበቃና የሠራተኛዋን እንቅልፍ ይከፍላል።

ሌላ ምስክር ልጨምር። ከስድስት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት አለ። ለመንግሥት ሥራ የሚሆኑ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሰዎችን ያወጣ ትምህርት ቤት ነው። በደርግ ጊዜ ስሙ እንጦጦ ሆነ፤ በኋላም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ግቢው ውስጥ ገባ። ሚኒስትር በወጣበት ግቢ ቧንቧ ገጣሚ ሲወጣ እንደ ዕድገት የቆጠረው ስንቱ ነው? የ1986ቱን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ የ10ኛ ክፍል ፈተና ያልሞላለት ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ጀመር። በዚያ ምክንያት ሙያ ማለት የቀረ ልጅ የሚሄድበት ቦታ መሰለ። ያ ፈተና ቀርቷል፤ አስተሳሰቡ ግን አልቀረም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነው ሲገኙ አገሩ ደነገጠ። ደንግጦስ? የቀሩትን 96 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑትን «ወደቁ» አላቸው እንጂ «እጃቸውን ምን እናስተምረው?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ደግሞም ነገሩ የአየር ንብረት ነው መሰለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድማችን እዚያ የቧንቧ ሰው በሰዓት የሚጠይቀውን ስለሚያውቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሆም ዲፖ ሄዶ መፍቻና ቴፍሎን ገዝቶ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ተንጋሎ ራሱ ይሠራዋል። ፎቶም ይነሳበታል። ይኸው ሰው ለፋሲካ ቦሌ ሲያርፍ እጁ ይታሰራል። ቧንቧ ቢያንጠባጥብ «ሰው የለም እንዴ?» ይላል። እሱ ምን ሆኖ ነው? ሰው አይደለም?

እዚህ ላይ የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ፤ የዋዛ ክርክርም አይደለም። «አንተ ሰው፣ ሥራን ለባለሙያ መተው እኮ ሥልጣኔ ነው። ሁሉም የየራሱን ቧንቧ ከፈታ ሳኒተሪው ምን ይብላ? ለአንተ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለእሱ የልጁ ደብተር ነው።» መልካም። ርኅራኄው ከልብ ከሆነ አደንቃለሁ። ግን እስቲ ሰውየው ሲመጣ የሚሆነውን እንከተለው።

ሳኒተሪው ከሩፋኤል፣ ከዚያም አልፎ ታክሲ ይዞ ይመጣል። ወንፊቷን በእጁ ይፈታታል፤ ያራግፋታል፤ ውሃው ይንዠቀዠቃል። አሁን ምን ይጠይቅ? የድካሙን እውነተኛ ዋጋ ቢጠይቅ ባለቤቱ «ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ ያፈጥበታል። የመጣበትን መንገድና የጠፋበትን ግማሽ ቀን የሚቆጥርለት የለም። ስለዚህ ሁለት መንገድ ይቀርለታል። ወይ የታክሲውን ሂሳብ ብቻ ተቀብሎ እያጉረመረመ ይሄዳል፤ ወይ ደግሞ «ጋሼ፣ ይሄ መስመር በሙሉ መቀየር አለበት» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ ምንም ስለማያውቅ ያምናል። አያችሁ? አላዋቂ ደንበኛ ሐቀኛውን ባለሙያ ያስርባል፤ አታላዩን ያበላል። ከዚያ በኋላ «ሳኒተሪ ሁሉ ሌባ ነው» የሚል ደግሞ ያው ራሱ ነው።

ባለሙያን የሚያከብር ሰው ማለት የባለሙያውን ሥራ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ግጥም የማያነብ ሰው ገጣሚን አከብራለሁ ቢለኝ አላምነውም፤ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ለይቶ ነው የሚያከብረው? ቧንቧም እንደዚያው ነው። ወንፊቷን ፈትቶ፣ መዝጊያውን አይቶ፣ ጎረቤት ጠይቆ፣ ጀሪካን ለክቶ «የኩሽናው ብቻ ነው፣ ሙቁ ደህና ነው፣ ቀዝቃዛው ቀጥኗል» ብሎ የሚደውል ደንበኛ ለባለሙያው እንደ ሐኪም ማስታወሻ ነው። ሰውየው የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳ በግምት አይደበድብም፤ ዋጋውንም ያለ እፍረት ይናገራል።

የእሱ ሥራ ደግሞ ሞልቷል። ግድግዳ ውስጥ ያለው የድሮው የብረት ቧንቧ ከዛገ የእኔና የእናንተ ፒንሳ ምንም አይፈይድም። ውስጡ በዝገት በግማሽ የጠበበ ቧንቧ የሚያሳልፈው ውሃ ግማሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከሩብም በታች ነው። ያን መቀየር፣ ፒፒአር ቆርጦ በሙቀት ማጣበቅ፣ ቁልቁለቱንና ስፋቱን ማስላት ሙያ ነው። ከመሬት ሥር የሚፈስን መስመር ማግኘት ሙያ ነው። የሻወር ማሞቂያ ደግሞ ጭራሽ አትንኩ፤ ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ሳጥን ውስጥ የገቡበት ነገር ነው፣ ስህተቱን ማረም አይቻልም። ትላንት ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ ዛሬ ማሞቂያ የሚፈታ ጎበዝ ከመጀመሪያው ሰውዬ አይሻልም። አንዱ እጁን ንቋል፤ ሌላው የሰውን እጅ ንቋል። ሁለቱም ሙያ የሚባል ነገር እንዳለ አያውቁም።

እዚህ ሲደረስ ደግሞ አትከራከሩ፤ ክፈሉ። ሬስቶራንት ገብቶ ለአንድ ጥብስ የተጠየቀውን ያለ ቃል ከፍሎ፣ ጉርሻ ጨምሮ የሚወጣ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ግድግዳ ሲበሳ የዋለን ሰው ከሃምሳ ብር ላይ ሲያስቀንስ ማየት ያሳፍራል። የንቀቱ እውነተኛ መለኪያ ይህ ነው። ስድቡ ከአፍ ጠፍቶ ዋጋው ላይ ተጽፏል።

ወደ ሁለተኛው ጠብ፣ ወደ ፓምፑ ልሂድ። የመጀመሪያው ሰው የሚጎዳው ቤቱን ነው። ይህኛው ሰፈሩን ይጎዳል።

መስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ የጋራ ነው። ሁሉም ቤት በከፍታው ልክ ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። አንዱ ፓምፑን መስመሩ ላይ ሰክቶ ማብሪያውን ሲጫን አዲስ ውሃ አይፈጠርም፤ ለገዳዲም አንዲት ጠብታ አልጨመረም። ከላይኛው ቤት፣ ከጎን ካለው ቤት፣ ከቀበሌ ቤቱ ግቢ የጋራ ቧንቧ የቀረችውን ክር ይስባል። ጎረቤቱ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ በሚቀጥለው ወር እሱም ፓምፕ ይገዛል። ከዚያ ሦስተኛው። በመጨረሻ ሁሉም ፓምፕ ኖሮት ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል፤ መብራት ይቆጥርበታል እንጂ ውሃው አይጨምርም። የማይችለው ብቻ ይደርቃል።

የማይችለው ማነው? ሽሮ ሜዳ ላይ ይህን ለማወቅ ደጅ መውጣት ይበቃል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ተቆልምሞ የሚወርዱ እናቶች በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ ተሸክመው ቤት ሲገቡ ደግሞ ጀሪካን ይጠብቃቸዋል። የጋራ ቧንቧው ፓምፕ ካለው ግቢ ጎን ከሆነ ጠብ አይልም። ስለዚህ ወይ ከሰው ደጅ ይገዛሉ፣ ወይ ሌላ ሰፈር ሄደው ይሸከማሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን መኪና ይታጠባል። ይህን ስንፍና ወይም ጉብዝና ብለን አንጠራውም፤ የአማርኛ ስም አለው። የሰውን ድርሻ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ስርቆት ነው። ቆጣሪው ስለቆጠረልህ ንጹሕ አትሆንም፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው የወሰድከውን እንጂ ከማን እንደወሰድክ አይደለም።

ደግሞ ቅጣቱ ከራሱ ጋር ይመጣል። የመንገዱ ቧንቧ ሞልቶ በግፊት ሲፈስ፣ ስንጥቅ ቢኖረው ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል። ፓምፕ ሲስበው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውጭ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል። ውጭ ያለው ምንድነው? የመንገድ ጭቃ፣ የቱቦ ፍሳሽ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሰረገው ሁሉ። ያን የሚጠጣው ባለ ፓምፑ ብቻ ቢሆን እሰየው ባልን፤ ግን መስመሩ የጋራ ነው። የእሱ ማብሪያ የሌላውን ሕፃን ሆድ ያሳምማል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው እንዲሉ፣ ይህም ሲጀምር ጥሩ ሻወር ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል? ቀጭኑን ክር እያየሁ ልሙት?» ለሚለኝ መልስ አለ፤ ይህም መልስ ሳኒተሪ ያስፈልገዋል። ሮቶውን መሬት ላይ አስቀምጡ። ውሃው ሌሊት በራሱ ግፊት፣ በድርሻው ልክ ይሙላው፤ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ይግባለት። ከዚያ ፓምፑ ከእናንተው ሮቶ ስቦ ወደ ጣሪያው ሮቶ ያውጣ። ያን ጊዜ የምትስቡት የራሳችሁን ነው፤ የማንም ክር አይበጠስም። ያቺ ሌሊት 9 ሰዓት የምትነሳ ልጅም ትተኛለች። ልዩነቱ አንድ ሮቶና አንድ ቀን የባለሙያ ሥራ ነው። ፓምፕ ለመግዛት የቻለ ሰው ይህን አልቻልኩም ቢል አልቀበለውም።

አንድ ነገር ቀረ፤ ያ ወረቀት። ቤታችሁን አጽድታችሁ፣ ወንፊቷን አራግፋችሁ፣ መዝጊያውን ከፍታችሁ፣ አሁንም ጀሪካኑ 10 ደቂቃ ከፈጀ ጥፋቱ የእናንተ እንዳልሆነ አረጋግጣችኋል። ግን ለብቻችሁ አትሂዱ። እኛ ስለ ውሃ በለቅሶ ቤት እናወራለን፣ በዕድር ስብሰባ እናማርራለን፣ ታክሲ ውስጥ እንራገማለን፤ መሥሪያ ቤቱ ደጅ ስንደርስ ግን የምንይዘው «ውሃ የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ለዚህ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሁሌም የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «በቅርቡ ይስተካከላል።» የ20 ቤት ወረቀት ይዞ የሄደ ዕድር ግን ሌላ ነው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በእነዚህ 20 ቤቶች በደቂቃ 2 ሊትር፤ ከመንገዱ ማዶ ባሉት 10 ሊትር» የሚልን ወረቀት «በቅርቡ» ብሎ መሸኘት ይከብዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ለሽሮ ሜዳ ሰው ማስተማር ነውር ነው፤ ድር የሚያደራው እሱ ነው።

ግን ይህ ወረቀት የሚጻፈው መስመሩ ላይ ፓምፕ በሌለበት ሰፈር ነው። ፓምፕ ያለው ሰው ወረቀቱ ላይ ቢፈርም ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ልኬቱንም ያበላሻል፣ የጎረቤቱንም ቅሬታ። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት፣ ከዕድሩ ስብሰባም በፊት፣ ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ አለ። ካቻቢቴና መፍቻ ይዛችሁ ውጡ። ፓምፑን ንቀሉ።